በሁለት ቀን ዕረፍት የትኛው ጀልባ ያዋጣል?

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ትልቅ ጀልባ ከአንድ አዲስ ፒክአፕ መኪና ባነሰ ዋጋ እንደሚገኝ ያወቅኩት በዚህ ዓመት ነው። 36 ጫማ፣ ማለትም 11 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሁለት መኝታ ክፍል አለው፣ ወጥ ቤት አለው፣ የናፍጣ ሞተሩ ገና ይሠራል። ፎቶውን ስልክ ላይ ስታዩት «ይሄ ሰውዬ በነፃ ሊሰጠው ነው እንዴ?» ያሰኛል።

ፎቶውን በቴሌግራም የላከልኝ ሲያትል የሚኖረው አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። «ኢኮኖሚክስ ተምረሽ የለ፤ እስቲ ይሄን አስይልኝ» አለኝ። ባሕር በሌላት አገር ተቀምጦ የጀልባ አማካሪ መሆን ትንሽ ያስቃል። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ለዚህ የመደበው 30 ሺህ ዶላር የዓመታት የማታ ሥራ ቁጠባ ነው፣ ሌላ ተጠባባቂ ገንዘብም የለውም። ባለቤቱም ሐሳቡን በሙሉ ልብ አልተቀበለችውም።

አጎቴ ያለበት አካባቢ ፒዩጀት ሳውንድ ይባላል። ከፓስፊክ ውቅያኖስ ተነስቶ ወደ የብሱ የገባ፣ በደሴትና በተራራ የተከበበ ጨዋማ ባሕር ነው። ሰዉ በበጋ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሳን ኹዋን ደሴቶች ይሄዳል። ከሲያትል ተነስቶ ፍራይደይ ሃርበር የምትባለው የደሴቶቹ ከተማ ድረስ ወደ 60 ኖቲካል ማይል ነው። አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 110 ኪሎ ሜትር በሉት፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ትንሽ አለፍ ብሎ። የጀልባ ፍጥነት ደግሞ በኖት ይለካል። 1 ኖት በሰዓት አንድ ኖቲካል ማይል ነው።

እዚህ ላይ ፊዚክስ ይገባል። ትሮለር የሚሉት ያ ትልቁ ጀልባ ውሃውን እየገፋ ነው የሚሄደው። ሲሄድ ከፊቱና ከኋላው ማዕበል ይፈጥራል፣ በሁለቱ መካከል እንደ ተቀበረ ይቀራል። የፍጥነቱን ጣሪያ የሚወስነው ውሃውን የሚነካው የአካሉ ርዝመት ነው። ርዝመቱን በጫማ ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ1.34 ታባዛላችሁ። ውሃ ላይ 35 ጫማ የሚረዝም ጀልባ ወደ 8 ኖት ይመጣል፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የብስክሌት ፍጥነት። ከዚያ በላይ ነዳጅ ብትጨምሩለት ጭስና ማዕበል ነው ትርፉ። ስለዚህ ባለቤቶቹ 7 ኖት ላይ ይይዙታል።

ትንሹና ቀላሉ ጀልባ ግን ፍጥነት ሲያገኝ ከውሃው ቀና ብሎ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። 25 ጫማ ሆኖ በቂ ሞተር ካለው፣ ረጋ ባለ ውሃ 20 ኖት ያለ ጭንቀት ይሄዳል።

አሁን የአጎቴን ሳምንት እዩት። ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ እሑድ ማታ ሥራ። ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢነሳ በትሮለሩ ፍራይደይ ሃርበር የሚደርሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። አድሮ ቅዳሜ ጠዋት መመለስ ይጀምራል። የመጣው ደሴት ሊያይ፣ ያየው መሪ! በፈጣኑ ግን 5 ሰዓት ላይ ደርሷል፣ ቡናው ገና አልቀረበም። ደርሶ መልሱ በትሮለሩ 17 ሰዓት፣ በትንሹ 6 ሰዓት። ልዩነቱ 11 ሰዓት።

«ነዳጁስ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፈጣን ጀልባ ቤንዚን ይጠጣል። በጣም ግምታዊ በሆነ ስሌት፣ ለ120 ማይል ደርሶ መልስ ትሮለሩ 40 ጋሎን ናፍጣ፣ ፈጣኑ 60 ጋሎን ቤንዚን ይፈጃል ብለን ያዝን። ጋሎኑን በ5 ዶላር ብናስበው ልዩነቱ 100 ዶላር ነው። ይሄ ማለት እያንዳንዷን የተረፈች ሰዓት በ9 ዶላር ገደማ ገዛት ማለት ነው። ሲያትል ውስጥ በ2025 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 20.76 ዶላር ነበር። አጎቴ የራሱን ሰዓት ከ9 ዶላር በላይ ነው የሚሸጠው። እንግዲህ በዚህ ዋጋ ካገኘማ ይግዛ!

ጡረታ ለወጣ ሰው ስሌቱ ይገለበጣል። ሁለት ወር ሙሉ ባሕር ላይ ለሚኖር፣ 7 ኖት ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ሰፊው አልጋና ትልቁ የውሃ ታንከር ይበልጡበታል። ትሮለር መጥፎ ጀልባ አይደለም፣ የሌላ ሰው ጀልባ ነው እንጂ።

ከነዳጁ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ የማቆሚያው ኪራይ ነው። ማሪና ላይ የሚከፈለው በጫማ ነው። ለስሌት እንዲመች ለአንድ ጫማ በወር 20 ዶላር ብንል፣ 36 ጫማው በዓመት 8,640 ዶላር ይወስዳል። ጥሩ አየሩ ከግንቦት እስከ መስከረም ነው፤ አጎቴ በዚያ ጊዜ 12 ዙር ቢወጣ በጣም ጎበዘ ማለት ነው። አካፍሉት፣ ለአንድ ዙር 720 ዶላር። ይሄ እንግዲህ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የቆመበት ብቻ። ኢንሹራንሱ፣ ቀለሙ፣ ጥገናው ገና ነው፤ በዚያ ላይ የዋሽንግተን ግዛት በየዓመቱ ከጀልባው የወቅቱ ዋጋ ላይ ግማሽ ፐርሰንት ግብር ይወስዳል።

ትንሹ ጀልባ በተሳቢ ይጎተታል። ያለ ልዩ ፈቃድ መንገድ ላይ የሚጎተት ነገር ስፋቱ ከ8 ጫማ ተኩል መብለጥ የለበትም፣ ማለትም 2.59 ሜትር። እዚያው ግዛት የሚሠሩት ሲ-ዶሪ የሚባሉት ጀልባዎች ለዚህ ልክ የተሰፉ ናቸው፤ ባለ 25 ጫማው ስፋቱ ልክ ያችን ያህል ነው። አጎቴ ግቢ አለው። ግቢ ውስጥ የቆመ ጀልባ ኪራይ አይከፍልም፣ በጨውም አይበላም። ካስፈለገም አናኮርተስ ድረስ በመኪና ጎትቶ ከዚያ ወደ ውሃ ይለቀዋል፤ ደሴቶቹ ከዚያ ቅርብ ናቸው። እርግጥ ለመጎተት አቅም ያለው መኪና ያስፈልጋል። የአጎቴ ሲዳን አይችልም፣ ይሄም ከ30 ሺው ላይ የሚነሳ ወጪ ነው።

ፍጥነት ለመዝናናት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ዲሴፕሽን ፓስ የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ፣ ከላዩ እ.ኤ.አ. በ1935 የተከፈተ ድልድይ ተዘርግቶበታል። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል በዚያች ጥበት የሚያልፈው ውሃ እስከ 8 ኖት ይፈጥናል። 7 ኖት የሚሄድ ጀልባ ውሃው ፊት ለፊት ቢመጣበት ወደ ኋላ ነው የሚሄደው! ፈጣኑም ቢሆን ውሃው የሚረጋበትን ሰዓት ጠብቆ ነው ማለፍ ያለበት። ግን ዘግይቶ ተነስቶም ሊደርስበት ይችላል፤ ዘገምተኛው አንዴ ካመለጠው ቀጣዩን 6 ሰዓት ገደማ ይጠብቃል። በሰሜን ያለው የኹዋን ደ ፉካ ወሽመጥም እንዲሁ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ነፋስ ይነሳበታል። ማለዳ በአንድ ሰዓት ያቋረጠ ሰው ነፋሱን አያገኘውም፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጅበት ግን መሐል ላይ ሊደርስበት ይችላል።

ይሁንና ለአጎቴ ሻጮቹ የማይነግሩትን መናገር ነበረብኝ። ፈጣን ጀልባ ሁልጊዜ ፈጣን አይደለም። ሞገድ ሲነሳ ቀላሉ ጀልባ ይዘላል፣ ይመታል፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ያኔ 10 ኖት ቢሄድም ተመስገን ነው። ክብደትም ጠላቱ ነው። ሙሉ ውሃ፣ ሙሉ ነዳጅ፣ ስድስት ዘመድ፣ ጀበናና የከሰል ከረጢት ከጫናችሁበት ከውሃው ቀና ማለት ያቅተዋል። (ከሰሉን ይተውት ብያለሁ፤ ጀልባ ውስጥ ከሰል ማጨስ በጭሱ መርዝ ራስን መግደል ነው።) በዚያ ላይ ፒዩጀት ሳውንድ ላይ ግንድ ይንሳፈፋል፤ አንዳንዱ ውሃ ጠጥቶ ቀጥ ብሎ ይቆምና ጫፉ ብቻ ይታያል። 7 ኖት ላይ የሚያስደነግጥ ግንድ 20 ኖት ላይ ጀልባ ይቀዳል። ውሃው ደግሞ በአብዛኛው ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ነው፣ የወደቀ ሰው ብዙ አይቆይበትም። ስለዚህ ማታ በፍጥነት መሄድ የለም፣ የሕይወት ጃኬትም አይወልቅም። ፈቃዱን ቀድሞ አውጥቷል፤ 15 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ለመንዳት፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1955 በኋላ የተወለደ ሰው ሁሉ የጀልባ ትምህርት ካርድ ያስፈልገዋል።

የባለቤቱ ጥያቄ ደግሞ ከሁላችንም ይልቅ ቁም ነገር ያለው ነበር። «ሽንት ቤቱ በር አለው ወይ?» በ22 ጫማ ጀልባ ላይ ብዙውን ጊዜ ሽንት ቤት ማለት ከመቀመጫ ሥር የምትወጣ የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ባለ 25 ጫማው ራሱን የቻለ ትንሽ ክፍል አለው። በዚህ ምክንያት ብቻ 22ቱ ከዝርዝሩ ወጣ። እኔ በሠንጠረዥ ሦስት ሳምንት የፈጀሁበትን እሷ በአንድ ጥያቄ ወሰነችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ያገለገለ ነገር የመግዛት ሥራ ነው፣ ጨው የጨመረበት። ጨው ውሃ ሞተር ይበላል። አውትቦርድ የሚሉት፣ ከጀልባው ጀርባ የሚሰቀለው ሞተር እዚህ ይሻላል፤ ሥራ ሲያበቃ ከውሃው ቀና ተደርጎ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ የሆነው ዓይነት በጎማ ሽፋንና በጭስ ማውጫ ክፍሎቹ በኩል ለጨው ስስ ነው፣ አጎቴ ዋጋው ቢረክስም እንዳይነካው ነገርኩት። ሞተሩ ላይ የምትታሰር አኖድ የምትባል የብረት ቁራጭ አለች፤ ሥራዋ ሞተሩ እንዳይበላ ራሷ መበላት ነው። ጭራሽ ካለቀች ወይም ቀለም ከተቀባች፣ ባለቤቱ እንዴት እንደያዘው ሳትጠይቁት ነገራችሁ ማለት ነው።

የሥራ ሰዓትም ያታልላል። 20 ዓመት የሆነው ሞተር 200 ሰዓት ብቻ ሠርቷል ሲባል ደስ ይላል፤ ጨው ውስጡ ይዞ ሳይነሳ የቆመ ሞተር ግን በየሳምንቱ ሲሠራና ሲታጠብ ከኖረ ባለ 900 ሰዓት ይብሳል። አዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ መካኒኩ ኮምፒውተር ሰክቶ ስንት ሰዓት በምን ፍጥነት እንደሠራ ያነባል። ሻጩ ይሄን አልፈቅድም ካለ «እሺ፣ ደህና ዋል» ነው።

አንድ 25 ጫማ ጀልባ ወደደ። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ችግሩ የዚያ አንድ ጀልባ ነውና። ፎቶው ያበራል፣ ዋጋው በልኩ ነው፣ ሻጩም ጨዋ ሰው። ሰርቬየር፣ ማለትም የጀልባ መርማሪ ይቀጠር አልኩት። ከኪሱ 700 ዶላር ገደማ የሚያስወጣ ስለሆነ አንገራገረ። መርማሪው ጀልባውን ከውሃ አስወጥቶ በትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ አካሉን እያንኳኳ ሲሄድ፣ ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። እርጥበት መለኪያውም ያንኑ አሳየ። በብሎኖቹ ቀዳዳ ውሃ ገብቶ በፋይበርግላሱ መካከል ያለው እንጨት በስብሷል። ለጥገናው የተጠየቀው 6,000 ዶላር፣ ሻጩ ልቀንስ ያለው 3,500።

አጎቴ ደወለልኝ። አዲስ አበባ ሌሊት ነበር። «ልውሰደውና ቀስ ብዬ አሠራዋለሁ፤ ሰባት መቶውስ ይጥፋ እንዴ?» አለ። ሰባት መቶው ገዛውም ተወውም አይመለስም፤ ሊታሰብ የሚገባው ገና ያልወጣው ገንዘብ ነው አልኩት። የኋላው ግድግዳ ደግሞ ሞተሩን በሙሉ የተሸከመ ቦታ ነው። ዝም ብሎ ቆየና «እናትሽ እኮ እንዲህ ነበር የምታወራኝ» ብሎ ዘጋው። ጀልባውን ተወው።

አሁን ሌላ አለ። ሌክ ዩኒየን ሐይቅ ላይ፣ በጨው አልባ ውሃ የቆመ፣ አንድ አውትቦርድ ያለው፣ 640 ሰዓት የሠራ። ከሐይቁ ወደ ባሕሩ የሚወጣው እ.ኤ.አ. በ1917 በተከፈተው በባላርድ የውሃ በር በኩል ነው፣ ማለፊያው በነፃ ነው። ሻጩ 29 ሺህ ብሏል፣ አጎቴ 25 አቅርቧል፣ ከተሳቢው ጋር። በመጪው ዓርብ ከዚያው መርማሪ ጋር ለሙከራ ይወጣሉ። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ ታንከሩ በሙሉ ተሞልቶ፣ አራት ሰው ተጭኖ 20 ኖት ይገባል ወይ? ባለቤቱም አብራ ልትሄድ ነው፣ በሩን ዘግታ ልታየው።