የእስረኛ ጠባቂ ስለ ጤና ሊማር የሚገባው

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ግርሻ የሚባለው፣ የልብስ ቅማል የሚያመጣው ትኩሳት ግን ሰውን እስኪጥል ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። እንግዲህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ጤነኛ መስሎ የተፈታ ሰው የሚታመመው በቤቱ፣ ከልጆቹ መካከል ነው። ስለዚህ ጠባቂው ስለ ጤና ይማር የምንለው ለእስረኛው ብቻ ብለን አይደለም።

ጠባቂውን ሐኪም ልታደርጉት ነውን? የሚሉን አሉ። የምንሻውስ አይቶና ጠይቆ በጊዜ ወደ ሕክምና እንዲልክ ነው። እስረኛው ሲገባ ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል፣ በየቀኑ የሚወስደውም መድኃኒት እንዳለው ይጠይቅ፤ የስኳር በሽተኛን ኢንሱሊን ከኪሱ ከተገኘው ዕቃ ጋር አሽጎ ማስቀመጥ ነፍስ ያጠፋል።

ስለ ቅማል ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። ግርሻ በዋናነት የሚጋባው ቅማሏ ስትነክስ ሳይሆን በጥፍር ስትደፈጠጥ፣ ፈሳሿ በታከከ ቆዳ ሲገባ ነው። ስለዚህ ልብሱ በፈላ ውሃ ይቀቀል እንጂ ቅማል በጣት አይገደል። ትኩሳት ለያዘውም ጠባቂው ክኒን ገዝቶ አይስጥ፤ ግርሻን የሚፈውሰው መድኃኒት በተወሰደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ፣ የደም ግፊትንም አውርዶ ሊገድል ስለሚችል፣ በሐኪም ዓይን ሥር ካልሆነ አይሰጥም።