ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ሳይጥል መረብ እየገባ ነው

ክረምቱ በርትቶ ጉማራና ርብ ሲሞሉ የጣና ነጭ ዓሣ ሐይቁን ትቶ ወደ ወንዝ ይወጣል። እንቁላሉን የሚጥለው በላይኛው ተፋሰስ፣ ንጹሕ ውኃ በሚወርድባቸው ጠጠራማ ገባሮች ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዞቹ መግቢያ ተሰብስቦ ስለሚገኝ፣ በዚያ የተዘረጋ መረብ በአንድ ሌሊት ብዙ ይይዛል። ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ የተያዘው ገና ያልተራባ ዓሣ ነውና።

በጣና ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። በሐይቁ በሞተር ጀልባ የሚካሄደው የንግድ ዓሣ ማስገር በ1978 ዓ.ም ገደማ ተጀመረ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣ ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ጥናት አሳይቷል፤ የጫጩቶቹ መመናመን ከዚህም የባሰ ነበር። በሐይቁ ዳርቻ የሚራባው ቀረሶ ግን ጫናውን በተሻለ ይቋቋማል።

ችግሩ የአስጋሪው ብቻ አይደለም። በብርብራ ፍሬ ዓሣን ማደንዘዝ፣ ከወንዝ አሸዋ ማውጣትና ከተራቆተ ማሳ የሚታጠብ ደለል የመራቢያውን ስፍራ ያበላሻሉ።

የዓሣ ሀብት ከአቅሙ በላይ እንዳይመረት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። የፎገራ፣ የደራና የሊቦ ከምከም ወረዳዎች ከአስጋሪ ማኅበራትና ከወንዝ ዳር አርሶ አደሮች ጋር ተስማምተው በመራቢያው ወቅት የወንዝ መግቢያዎችን ከመረብ ነፃ ቢያደርጉ፣ ዛሬ የሚታለፈው ዓሣ ለከርሞ ምርት ይሆናል።