የሆቴል ሜዳልያ ጠርዙ ላይ ይነበባል

አንድ የቅንጦት መዝናኛ ሆቴል ምርቃቱን ወይም መቶኛ ዓመቱን ለማስታወስ የሚያሠራው የነሐስ ሜዳልያ እንደ ኒሻን ደረት ላይ አይንጠለጠልም፤ እንደ ሳንቲምም አይገበያዩበትም። መዳፍ ላይ የሚያርፍ ክብ ነሐስ ነው። በአንድ ፊቱ ብዙውን ጊዜ የሕንፃው ገጽታ ይቀረጻል፣ በሌላው የመሥራቹ ምስል ወይም የበዓሉ ዓመት ይሰፍራል። አብዛኛውን ጊዜ ለክብር እንግዶች፣ ለባለአክሲዮኖችና ለነባር ሠራተኞች ስለሚታደል ቁጥሩ ከመነሻው ጥቂት ነው። ሻጮች ይህንኑ ጥቂትነት ይዘው ዋጋ ይሰቅላሉ። ነገር ግን ጥቂት የሆነ ነገር ሁሉ ፈላጊ የለውም፤ ማንም የማይጠይቀው ብርቅ ዕቃ በየመሳቢያው ሞልቷል። እንደ እኔ አስተያየት የሆቴል ሜዳልያ ገንዘብ የሚያወጣው እንደ ታሪክ ሰነድ ሲታይ ነው። ሰነድ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት መቼና በማን እንደተሠራ መጣራት አለበት።

ለዚህ ማጣሪያ ከሁለቱ ፊቶች ይልቅ ጠርዙ ይጠቅማል። የፓሪሱ የመንግሥት ገንዘብ ማተሚያ ቤት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሜዳልያዎቹ ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ምልክቶች ይመታል። ከ1845 እስከ 1860 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምልክቱ የምትጠቁም እጅ ነበረች፤ ቀጥሎ እስከ 1879 ንብ ሆነ፤ ከ1880 ወዲህ በፍሬ የተሞላ ቀንድ ነው። ማተሚያ ቤቱ አሮጌ መምቻ ብረቶቹን አስቀምጦ ከብዙ ዓመታት በኋላም ያንኑ ቅርጽ ደግሞ ስለሚመታ፣ ፊቱ 1855 እያለ ጠርዙ ባለቀንድ የሆነ ሜዳልያ የዚያ ዘመን ሥራ አይደለም። ሐሰተኛ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ የኋላ ምት ነውና ዋጋው በዚያው ልክ ይሰላል። የኒውዮርኩ ሜዳሊክ አርት ኩባንያም ስሙን ጠርዝ ላይ ያኖር ነበር። ተራ ቁጥር የተመታበት ሲገኝ ደስ ይላል፣ ሆኖም ቁጥሩ የሚናገረው ስለታቀደው ብዛት ነው፤ ስንቱ በእርግጥ እንደተመታና ስንቱ እንደተረፈ አይነግርም። አስመስሎ የተሠራውን ደግሞ መለኪያ ያጋልጠዋል። ከእውነተኛው ላይ ሻጋታ ወስዶ ነሐስ የሚያፈስ ሰው፣ ነሐስ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከዋናው ጥቂት ያነሰና ፊደሉ የደበዘዘ ቅጂ ያገኛል። ስለዚህ ከአጉሊ መነጽር ጋር ሚዛንና ካሊፐር አብረው ይያዙ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ ሆቴል ራሱን ለማወደስ ያሠራው ነገር ከማስታወቂያ በምን ይለያል? በአመጣጡ ብዙም አይለይም። ጣሊያናዊው ፒዛኔሎ በ1438 አካባቢ የቢዛንታይኑን ንጉሠ ነገሥት ስምንተኛ ዮሐንስ ፓላዮሎጎስን የቀረጸበት፣ የዘመናዊው ሜዳልያ መጀመሪያ የሚባለው ሥራ ከታየ በኋላ የጣሊያን መሳፍንት በዚህ ጥበብ ስማቸውን ያስነግሩበት ነበር። ሙገሳው ግን ማስረጃነቱን አያጠፋውም። ነሐስ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ባለቤቱ መምረጥ ግድ ይለዋል፤ ያስቀረጸውና ያስቀረው ሁለቱም ይናገራሉ። በዌስት ቨርጂኒያ ያለውን ግሪንብራየር ሆቴልን እንውሰድ። ይህ የሀብታሞች ማረፊያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ሆነ። በኋላም በኑክሌር ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት የሚሸሸጉበት ምሽግ ከሥሩ በምስጢር ተሠራ፣ ነገሩም እስከ 1992 ተሰውሮ ኖረ። እንዲህ ያለ ሆቴል በዚያ ዘመን ሜዳልያ ቢያሠራ ዓምዶቹንና የማዕድን ውኃውን ምንጭ ያሳይ ነበር እንጂ የምሽጉን በር አያሳይም፤ ሰብሳቢው የተደበቀውን ሲያውቅ ነው የሚታየው ገጽታ ትርጉም የሚያገኘው። በኒው ሃምፕሸር ተራሮች መካከል በ1902 የተከፈተው ማውንት ዋሽንግተን ሆቴል ደግሞ ለእኛም ቅርብ ነው። በሐምሌ 1944 ኢትዮጵያን ጨምሮ የ44 አገሮች ልዑካን ብሬተን ዉድስ በተባለው በዚያ ስፍራ ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የገንዘብ ድርጅትና የዓለም ባንክን ወጠኑ። የዚህን ሕንፃ ምስል የያዘ ነሐስ በውበቱ ብቻ የሚገዛ ሰው ግማሹን ነገር ጥሎ ይሄዳል።

ሌላው ጥያቄ፣ ለምን በብር የተሠራውን አንሰበስብም የሚል ነው። ብር በራሱ ዋጋ አለው፣ ጣጣውም ከዚያው ይመጣል። በጥር 1980 የአንድ አውንስ ብር ዋጋ ወደ 50 ዶላር ሲጠጋ ብዙ የብር ዕቃ ለማቅለጫ ተሸጠ፤ ነሐስን ግን ለዚህ የሚመኘው ሰው አነስተኛ ነው። አነስተኛ ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ ጀርመኖች ፈረንሳይን በያዙበት ዘመን የፓሪስ ሐውልቶች ሳይቀሩ ለብረታቸው ሲባል ቀልጠዋል።

ከእቶን የተረፈውን ነሐስ የሚያበላሸው በአብዛኛው የባለቤቱ ጨርቅ ነው። ያ ቡናማ ወይም አረንጓዴ መልክ በሠሪው እጅ ሆን ተብሎ የተሰጠው ነው፤ ጥቂት ዓመታት የጨመሩበትም ይኖራል። ወልውሎ ያብረቀረቀው ሰው የማይመለስ ነገር አጠፋ፣ ልምድ ያለው ገዥም ይህን ከሩቅ ያውቀዋል። ሳጥኑና አብሮት የተሰጠው ደብዳቤ ወይም የበዓሉ ፕሮግራም ካለ ግን አይጣል። ሜዳልያው ለማን፣ በምን ቀን እንደተሰጠ የሚናገር አንድ ወረቀት፣ ሻጩ ስለ ብርቅነቱ ከሚደረድረው ቃል ሁሉ ይልቅ ለዋጋው ምክንያት ይሆናል።