የከሰረ ሰው የት ይከራይ?

ባቲ ላይ ቤት ለመከራየት የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስት ጥያቄ ይጠብቀዋል። የማን ልጅ ነህ? ምን ትሠራለህ? ዋስ አለህ? ሱቁ የተዘጋበት ነጋዴ ሁለተኛው ላይ ይንተባተባል፣ ሦስተኛው ላይ ዝም ይላል። የመጀመሪያውን ግን ማንም አይጠይቀውም። አከራዩ ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ለማን ስንት እንዳለበት ጭምር ቀድሞ ሰምቷል።

የማወራው ስለ አፓርታማ አይደለም። እኛ ጋ ኪራይ ማለት ግቢ ውስጥ ያለች አንድ ወይም ሁለት ክፍል ናት፤ ውሃውም መጸዳጃ ቤቱም የጋራ። ለእሷም ቢሆን ስም ያስፈልጋል። ነጋዴ ሲከስር ደግሞ ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚሄደው ስሙ ነው።

ሰው እንዴት ይከስራል?

ባቲን ለማታውቁ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። የሰኞ ገበያዋ በአገር የታወቀ ነው። አፋሩ ግመልና ፍየሉን፣ ኦሮሞውና አማራው እህልና ከብቱን ይዞ ይገናኝበታል። እንዲህ ያለ ገበያ ያለ ዱቤ አይንቀሳቀስም። ባለሱቁ ከጅምላ አከፋፋይ በዱቤ ያነሳል፤ ለገጠር ደንበኛው ደግሞ በዱቤ ይሰጣል። ደንበኛው ፍየል ሲሸጥ ወይም ማሽላው ሲደርስ ይከፍላል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ግን ሁሉም እየተጎተተ ይወድቃል።

በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴንና ባቲን ሲያዳርስ ብዙ ሰንሰለት ተበጠሰ። የቀረው ነጋዴ ተበድሮ ተነሳ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የውጭ ዕቃ በአሮጌው ዋጋ በዱቤ የሰጠ ነጋዴ ብሩ ቢመለስለትም በዚያው ብር ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ ማንሳት አልቻለም። ደንበኛው ሳይክደው፣ ሌባ ሳይገባበት ካፒታሉ ቀለጠ።

አንድ የማውቃቸው ጋሼ ሁለቱም ደርሶባቸዋል። መኖሪያ ቤታቸውን ለባንክ አስይዘው ስለነበር ቤቱም ሄደ። በዚህ በኩል ሕጉ አጭር ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። እና ጋሼ በስድሳ ዓመታቸው ቤት ፈላጊ ሆኑ። ወር በወር የሚከፍሉት አላጡም፤ ልጆቻቸው ይልኩላቸዋል። ያጡት የሚያምናቸው ነው። አንዱ አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቃቸው፤ ሌላኛዋ ቤቱ ተይዟል አሏቸው። ያ «የተያዘ» ቤት ግን ሰው ሳይገባበት ወር አለፈው።

መጥፎ ስም ስንት ዓመት ይኖራል?

ዘመድ አሜሪካ ያለው ሰው ይህን ጉዳይ ከሌላ አቅጣጫ ያውቀዋል። እዚያ አከራይ የተከራዩን የብድር ታሪክ አስፈቅዶ ያያል። «ቻፕተር 7» በሚባለው መንገድ ኪሳራ ያወጀ ሰው ነገሩ መዝገቡ ላይ እስከ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ኪሳራ ያወጀ ሰው ብዙውን ጊዜ በ12 ወር ውስጥ ከኪሳራው ነፃ ይባላል፤ መዝገቡ ላይ የሚቆየው 6 ዓመት ነው። ከባድ ነው፤ ቤት ያስከለክላል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ማብቂያ ቀን አለው። ሰውዬው ካሌንደር ላይ አክብቦ ሊጠብቀው ይችላል።

እኛ ጋ ለአከራይ የሚከፈት እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። ባንኮች የተበዳሪን መረጃ በብሔራዊ ባንክ በኩል ይለዋወጣሉ፤ ባቲ ላይ ክፍል የምታከራይ እትዬ ግን እሱን አታይም። የእሷ መዝገብ የቡና ወሬ ነው። በኢኮኖሚክስ ትምህርት መረጃ የሌለው ገበያ ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ ሚዛን ይመዝናል ይባላል። የቡና ወሬ ይሄው ነው፤ «ከሰረ» ይላል እንጂ «ግማሹን ከፍሎ በቀረው ተስማማ» አይልም። ማብቂያ ቀንም የለውም።

ድሮ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይታሰር ነበር። ቁራኛ ይባላል፤ «የቁም ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ ሰንሰለቱ የለም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 11 ማንም ሰው በውል የገባውን ግዴታ መፈጸም ስላቃተው ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። (በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ መስጠት ግን ሌላ ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል።) ወሬው ግን አሁንም ቁራኛ ነው፤ ሰውዬው በሄደበት ግቢ ሁሉ ይከተለዋል።

ስለዚህ የእኔ ክርክር ቀላል ነው። የከሰረ ሰው ቤት ከመፈለጉ በፊት ዕዳውን ባይጨርስ እንኳ ለዕዳው ማብቂያ ያብጅለት። በወረቀት።

ማብቂያው እንዴት ይበጃል?

አንዱ መንገድ ፍርድ ቤት ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ነጋዴ ሳይወድቅ በፊት ከአበዳሪዎቹ ጋር ዕዳውን እንደገና የሚደራደርበትንም፣ ከወደቀ በኋላ ያለው ንብረት በሥርዓት የሚከፋፈልበትንም መንገድ ይዟል። ጥቅሙ አበዳሪው ሁሉ በየፊናው መክሰሱን ትቶ በአንድ መዝገብ መስተናገዱ ነው። ይህ ግን ለነጋዴና ለንግድ ድርጅት የተሠራ ነው። የወር ደመወዝተኛ በዚህ ሕግ ኪሳራ አያውጅም። ለአንዲት ትንሽ ሱቅም ጠበቃውና ምልልሱ ራሱ ሌላ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ እዚሁ አለ፤ ሽምግልና፣ በኦሮምኛው ጃርሱማ። አበዳሪዎቹ ይጠራሉ፣ ዕዳው ይቆጠራል፣ የሚማረው ይማራል፣ የቀረው በወር በወር ይደለደላል። ለአብዛኛው የባቲ ሰው በእምነቱም እንግዳ አይደለም። ቁርአን የተቸገረ ባለዕዳ እስኪቃናለት ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል፤ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱም ባለዕዳ ነው። እኛ ጋ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ አይጻፍም። ተመርቆ፣ ተጨባብጦ ይበተናል። በዓመቱ አንዱ አበዳሪ ሲከፋው ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።

ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ምስክር ሲኖረው ግን ሌላ ነገር ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3312 መሠረት እንዲህ ያለ የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ያቺ ወረቀት ፎቶ ተነስታ ስልክ ላይ ስትቀመጥ ለቡና ወሬ መልስ ናት፦ «አዎ፣ ከስሬ ነበር። የቀረው ይህን ያህል ነው፣ በወር ይህን እከፍላለሁ፣ በዚህ ወር ያልቃል።» ጋሼን በመጨረሻ ቤት ያስገባቸው ይሄው ነው። አከራዩ ወረቀቱን አንብበው ሲያበቁ የጠየቁት ስለ ውሃና መብራት ሒሳብ ነበር።

የአከራይ ፍርሃትም አለ

አከራዮችን ጨካኝ አድርጌ መሳል አልፈልግም። ብዙዎቹ በዚያች ኪራይ የሚኖሩ እናቶች ናቸው። የሚፈሩት ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው «አበዳሪዎቹ ግቢዬ መጥተው ይረብሹኛል» ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ያግዛል። ዕዳው የተከራዩ ነው፤ የአከራይ ንብረት አይነካም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 404 ደግሞ የተከራዩም ቢሆን አልባሳት፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና መኝታ፣ የሙያ መሣሪያ፣ ለ3 ወር የሚሆን የቤተሰብ ምግብና ወጪ ለዕዳ አይያዝም። ማንም ግን ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መጥቶ ዕቃ የመጫን መብት የለውም።

ሁለተኛው «ኪራዬን ያስቀርብኛል» ነው። ለዚህ የስድስት ወር ቅድሚያ መጠየቅ መፍትሔ ይመስላል፤ ግን ሒሳቡን እንሥራ። ኪራዩ 4,000 ብር ነው እንበል። የስድስት ወር 24,000 ብር ነው፤ የሁለት ወር ደግሞ 8,000። 24,000 ከየትም ተበድሮ የገባ ተከራይ በሩን ሲከፍት አዲስ ዕዳ ይዞ ነው የሚገባው። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ የማይከፍል ተከራይ እንዲህ ነው የሚሠራው።

የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ገድቧል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት ይሁን፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል። አዋጁ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ይሸፍናል፤ በክልሎች ግን የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ አንቀጽ ጠቅሳችሁ ከመከራከራችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጎራ ብላችሁ ጠይቁ። አዋጁ በማይደርስበት ከተማ ቢሆንም አከራይና ተከራይ ያንኑ በውላቸው ላይ ከመጻፍ የሚያግዳቸው የለም።

ዋሱስ? ዘመድ ለከሰረ ሰው ዋስ መሆን የሚፈራው የድሮው ዕዳ ሁሉ የሚጫንበት ስለሚመስለው ነው፤ ዕዳ ከሜዳ እንዳይሆንበት። ሕጉ ግን ተቃራኒውን ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰበት ደግሞ አይጸናም። ስለዚህ «ለሦስት ወር ኪራይ፣ እስከ 12,000 ብር» ብሎ መፈረም ይቻላል። አከራይዋ ዋስትና አገኘች፣ ዋሱም የሚጠየቅበትን ጣሪያ አወቀ። አንድ መስመር ናት፤ ግን ዘመድ ከዘመድ አታጣላም።

ለእኛ ለወጣቶቹ

ይሄ የሽማግሌዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ከመካከላችን በብድር ባጃጅ የገዛ፣ በእቁብ ብር ስልክ መሸጥ የጀመረ፣ ለጓደኛው ዋስ የሆነ አለ። ስለዚህ አሁኑኑ ልንለምደው የሚገባ ነገር አለ፤ ኪራይ ስንከፍል በቴሌብር ወይም በባንክ እንክፈል፣ ደረሰኙን እናስቀምጥ። በጥሬ ብር የተከፈለ የሁለት ዓመት ኪራይ ምስክር የለውም። ስልክ ላይ ያሉ 24 ደረሰኞች ግን ለሚቀጥለው አከራይ ከማንኛውም የሰፈር ወሬ በላይ ይናገራሉ።

ቤት ያለው ዘመድ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስረዱልኝ። ከስሮ ዕዳውን የቆጠረ፣ የተስማማ፣ የፈረመ ሰው ስንት እንዳለበትና መቼ እንደሚጨርስ ያውቃል። ጥሩ ልብስ ለብሶ ከሚመጣው ተከራይ ስለ ዕዳው ይህን ያህል ማወቅ አይቻልም። አከራይ ጥያቄ መጨመር ከፈለገ «ከስረህ ታውቃለህ?» አይበል። «እንዴት ጨረስከው?» ይበል።