የወባ ትንኝ በግቢ ውስጥ፦ ከጉና ግርጌ እስከ ጣና ዳር

ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ደጋውን አቋርጠው ሲወርዱ ፎገራ ሜዳ ላይ ይረጋሉ፤ ከዚያ ወደ ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲገፋ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ሩዙም ከብቱም የሚኖረው በዚህ ውሃ ነው፤ የወባ ትንኝም እንዲሁ።

ደብረ ታቦርን ብርዷ ይጠብቃታል። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የወባ ተውሳክ ደግሞ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይፈልጋል። በፎገራ ሜዳ ያለችው ወረታ ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ላይ የደጋው ሰው ለአረምና ለአጨዳ ወደ ፎገራና ወደ መተማ ይወርዳል፤ ንዳዱን ይዞ የሚመለስም አለ። ብርዱ ራሱም ሁልጊዜ አስተማማኝ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1958 ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው በበዛ ጊዜ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር አዳረሰ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፣ 150,000 ያህል ሞተ። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው በዓመቱ፣ በ1959 ነው።

በኢትዮጵያ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፈለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ ናት። የምትናከሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ እንቁላሏን ለማብሰል ደም ያስፈልጋታል። በአብዛኛው ሌሊት ትወጣለች፣ የሰውም የከብትም ደም ትመጥጣለች። ግድግዳ ላይ ስታርፍ ኋላዋን ወደ ላይ ቀስራ ስለምትቀመጥ ከሌላው ቢምቢ ትለያለች። እጯም ምልክት አላት፤ የሌሎቹ ትንኞች እጭ ከውሃው ገጽ ቁልቁል ሲንጠለጠል የእሷ ግን ጋደም ብሎ ይንሳፈፋል።

እንቁላሏን ለመጣል ሐይቅ አትሻም። ፀሐይ የሚያገኘው ጥልቀት የሌለው ውሃ ይበቃታል፦ የከብት ኮቴ የረገጠው ረግረግ፣ ለምርጊት ጭቃ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ከመስኖ ቦይ ያፈተለከ ውሃ፣ የቦኖ ሥር ኩሬ። ከእንቁላል ተነስታ እስክትበር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል፤ በሞቀ ቁጥር ጊዜው ያጥራል። በየሳምንቱ ግቢን መቃኘት የሚመከረው ለዚህ ነው። እጯ ክንፍ ስለሌላት ካለችበት ውሃ ማምለጫ የላትም። ጉድጓዱን በአፈር መድፈን፣ ያቆረውን ማፋሰስ፣ የቦኖውን ፍሳሽ ቦይ መቅደድ አካፋና ዶማ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሊደፈን የማይችለው ጉድጓድ ላይ፣ ሰውም ከብትም የማይጠጣው ከሆነ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሲፈስበት ኖሯል፤ ዘይቱ የውሃውን ገጽ ሲሸፍነው እጩ አየር ያጣል።

ጓሮው ውስጥ የተዘራውም ልብ ሊባል ይገባዋል። በጎጃም ቡሬ አካባቢ የተደረገ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሞ፣ በቆሎ በብዛት የሚዘራባቸው ቦታዎች ወባ ይበልጥ እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። ምክንያቱ የበቆሎው ወንዴ ዘር ብናኝ ነው። ብናኙ ኩሬ ላይ ሲረግፍ እጩ ይመገበዋል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ትልቅ ትንኝም ይሆናል። በቆሎውን ከቤቱና ከኩሬው ማራቅ እንግዲህ አንድ መከላከያ ነው።

የፎገራን የሩዝ ማሳ ግን ማንም አያፋስሰውም። ሩዝ በደርግ ዘመን ወደ ሜዳው ከገባ ወዲህ የገበሬው መተዳደሪያ ሆኗል። መራቢያውን ማጥፋት የሚበጀው ኩሬው ጥቂትና የታወቀ ሲሆን ነው፤ ውሃው ሰፊ በሆነበት አገር አጎበርና የቤት ውስጥ የኬሚካል ርጭት ዋናውን ሸክም ይሸከማሉ። ርጭቱ የሚሠራው ትንኟ ደም ከመጠጠች በኋላ ግድግዳ ላይ ስለምታርፍ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልማድ መንገድ ይዘጋል፦ ግድግዳን በጭቃና በእበት መለቅለቅ። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤት ሲለቀለቅ ኬሚካሉ ከልቅላቂው ሥር ይቀበራል፤ ወባ በብርቱ የሚነሳው ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች «ከርጭቱ በፊት ለቅልቁ፣ ከርጭቱ በኋላ ስድስት ወር ታገሱ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከተሞችም አዲስ ፈተና ገጥሟቸዋል። አኖፈለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በኋላ በአማራ ክልል ባቲ ከተማም ታየች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው ወረርሽኝ ጋር ተያይዛለች። ይህችኛዋ ረግረግ አትጠብቅም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያና አሮጌ ጎማ ውስጥ ትራባለች። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣላቸው የከተማ ነዋሪዎች በርሜል የግድ ነው፤ ስለዚህ ትንኝ በማያሳልፍ ክዳን ወይም በጥብቅ በታሰረ ጨርቅ መሸፈን፣ የማይጠጣውንም ውሃ በየሳምንቱ ደፍቶ መለወጥ፣ አሮጌውን ጎማ ከዝናብ ማስጠለል ይገባቸዋል።