በነጥቦቹ መካከል ምን አለ? የሳይንን ግራፍ ስለማስተማር



የዛሬው ንግግሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትሪጎኖሜትሪ ፈንክሽኖችና ግራፎቻቸው የሚሰጡበትን መንገድ ይመለከታል። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቴ አስቀድሞ በሁለተኛ ደረጃ ለጥቂት ዓመታት አስተምሬአለሁ፤ የምነቅፈው መንገድም በቅድሚያ የራሴ መንገድ ነበር። ስለዚህ ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

በዚያን ጊዜ የሳይንን ግራፍ የማስተምረው በአምስት ነጥብ ነበር። በ0°፣ በ90°፣ በ180°፣ በ270° እና በ360° ያሉትን ዋጋዎች፣ ማለትም 0፣ 1፣ 0፣ −1 እና 0ን፣ በሰንጠረዥ አስቀምጥና ነጥቦቹን በማዕበል ቅርጽ አገናኛለሁ። ተማሪዎቹም ይገለብጣሉ። በአንድ ፈተና ላይ አንድ ልጅ አምስቱን ነጥቦች በትክክል ካስቀመጠ በኋላ በማስመሪያ ቀጥ ባሉ መስመሮች አገናኛቸው። ግራፉ የመጋዝ ጥርስ መሰለ፤ እኔም ዜሮ ሰጠሁት። ወረቀቱን ይዞ መጣና «ቲቸር፣ በነጥቦቹ መካከል ቀጥ ያለ አለመሆኑን በምን አወቅን?» ሲል ጠየቀኝ። «መጽሐፉ ላይ እንዴት እንደተሳለ አላየህም?» ብዬ መለስሁት። ልጁ ዝም ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ያ ጥያቄ ከትምህርቴ ይበልጥ ነበር። መልሱም ሩቅ አልነበረም። መስመሩ ከ0° እስከ 90° ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ፣ በ30° ላይ ከፍታው የመንገዱ ሲሶ፣ ማለትም 0.333 በሆነ ነበር። ተማሪው ግን ሳይን 30° ግማሽ መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል። በ60° ላይ ደግሞ 0.667 በሚጠበቅበት ቦታ 0.866 እናገኛለን። እንግዲህ ከፍታው በመጀመሪያው 30 ዲግሪ ውስጥ በ0.5፣ በሁለተኛው በ0.366፣ በሦስተኛው በ0.134 ብቻ ያድጋል። መስመሩ የሚጎብጠው ዕድገቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው።

ዕድገቱ ለምን ይቀንሳል? ይህን ለመመለስ ጎነ ሦስቱን ትተን ወደ ክብ መሄድ ግድ ይሆናል። ራዲየሱ 1 በሆነ ክብ ጠርዝ ላይ፣ በስተቀኝ ከሚገኘው ጫፍ ተነሥታ በእኩል ፍጥነት የምትዞር ነጥብ እናስብ። ሳይን የዚያች ነጥብ ከፍታ ነው። ጉዞዋን ስትጀምር አቅጣጫዋ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሆነ እርምጃዋ ሁሉ ከፍታ ይሆናል። ወደ አናቱ ስትቃረብ ግን እርምጃዋ ይበልጡን ወደ ጎን ይሆናል፤ ከፍታዋም እምብዛም አይጨምርም። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ፣ ካልኩለስ ሳይማር፣ የሳይን የለውጥ መጠን ኮሳይን መሆኑን በከፊል አይቷል ማለት ነው።

ክቡን ዘልሎ ማለፍ የሚያስከትለውን ጉዳት በየዓመቱ በአንደኛ ዓመት ክፍል አያለሁ። «ሳይን 120° ስንት ነው?» ስል ብዙዎች ፈጥነው በትክክል ይመልሳሉ። «ተቃራኒው ጎን ለሃይፖተኑስ ሲካፈል ነው ብላችኋል፤ ታዲያ ቀጤ ማዕዘንና 120° ያለው ጎነ ሦስት የታለ?» ስል ክፍሉ ጸጥ ይላል። የሁለቱ ማዕዘኖች ድምር ብቻውን 210° ነውና እንዲህ ያለ ጎነ ሦስት ሊኖር አይችልም። ትርጉሙ ከጎነ ሦስት ወደ ክብ መሻገሩን የነገራቸው የለም፤ ወይም የተነገራቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

ስለ ሬዲያንም እንዲሁ ነው። ተማሪው «180° ማለት ፓይ ሬዲያን ነው» የሚለውን ይሸመድዳል፤ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ግን አይዳስሰውም። ለዚህ የሚበቃን የድስት ክዳንና ክር ነው። ከክዳኑ መሐል እስከ ጠርዙ የሚደርስ ክር ቆርጠን በጠርዙ ዙሪያ ብናስተኛው፣ ስድስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ጥቂት ይተርፋል፤ ልኩ 6.28 ገደማ ነው። አንዱ ክር ከመሐል የሚይዘው ማዕዘን አንድ ሬዲያን ነው፤ ወደ 57.3° ይሆናል። (ሬዲያን የሚለው ቃል በኅትመት መጀመሪያ የታየው በ1873 እ.ኤ.አ. ጄምስ ቶምሰን በቤልፋስት ለተማሪዎቹ ባወጣው ፈተና ላይ መሆኑ ይገርመኛል፤ ከፈተና ወረቀትም መልካም ነገር ይወለዳል።)

ቀጥሎ ክሩን ከክዳኑ ፈትተን በአግድም ዘንግ ላይ እንዘርጋው። አሁን አግድሙ ነጥቧ የተጓዘችውን ርዝመት፣ ሽቅቡም ከፍታዋን ያሳያል፤ ሁለቱም የሚለኩት በአንድ መለኪያ ነው። በዚህ ሥዕል ማዕበሉ ከመነሻው የሚወጣው በ1 ዝንባሌ ነው። በዲግሪ ብንሄድ ዝንባሌው 0.01745 ገደማ ይሆን ነበር፤ ሁለቱንም ዘንጎች በእኩል መለኪያ ብንሥልም ርዝመቱ 360፣ ከፍታው 1 የሆነ መስመር ይወጣል፤ ለዓይን ጠፍጣፋ ነው። የሳይን ዴሪቬቲቭ ያለ አንዳች ማባዣ ኮሳይን የሚሆነው በሬዲያን ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

አምፕሊትዩድና ፔሪየድን በተመለከተ አጭር ልሁን። እነዚህን በደረቅ ቀመር ከመስጠት የአዲስ አበባን የቀን ርዝመት መጠቀም ይሻላል። ሰኔ 14 ግድም ብርሃን ያለው ጊዜ ከ12 ሰዓት ተኩል በጥቂት ይበልጣል፤ ታኅሣሥ 12 ግድም ወደ 11 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። «ቀ» ከመጋቢት 11 ወዲህ የተቆጠሩ ቀናት ቢሆኑ፣ ርዝመቱ በግምት

12.1 + 0.5 × ሳይን(2ፓይ × ቀ ÷ 365)

ሰዓት ይሆናል። አምፕሊትዩዱ ግማሽ ሰዓት፣ ፔሪየዱ አንድ ዓመት ነው። በስቶክሆልም ፔሪየዱ ያው ሆኖ አምፕሊትዩዱ ከ6 ሰዓት ያልፋል። ዘመድ በስዊድን ያለው ተማሪ ደውሎ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ «ለምን ይለያያል?» የሚለውንም ለጂኦግራፊ መምህሩ ይዞ ይሄዳል።

ዛሬ ትምህርቱን የምጀምረው በዚያ ልጅ ሥዕል ነው። በሰሌዳው ላይ የመጋዙን ጥርስና ማዕበሉን በአምስቱ ነጥቦች አሳልፌ ጎን ለጎን እሥላለሁ፤ ከዚያም ጠመኔውን ለተማሪዎቹ ሰጥቼ «የትኛው ነው ትክክለኛው? በምንስ አወቃችሁ?» ብዬ እቀመጣለሁ። አንዳንድ ጊዜ 30°ን እስኪያነሡ ድረስ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይሄዳል።