ክርስትና ስማቸው ማን ነበር?

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ የውርስ ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ የቅድመ አያቱን የፈረስ ስም ይነግረኛል፤ ቀጥሎ መሬታቸው ስንት ጋሻ እንደነበር። እኔ የምጠይቀው ክርስትና ስማቸውን ነው። ራስ ጎበና ዳጬ የቀቤናውን መሪ የሐሰን እንጃሞን ጦር ድል ካደረጉ በኋላ ከሸዋ መጥቶ የሰፈረ ነፍጠኛ፣ መሬቱ በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ ተጽፎ ከሆነ፣ «አባ እንትና» ሳይሆን ወልደ ሚካኤል ወይም ገብረ ማርያም ተብሎ ሊገኝ ይችላልና።

ጽሑፉ ሲገኝም ዓመተ ምሕረት ላይኖረው ይችላል። «በዘመነ ማርቆስ፣ ጳጳሱ አባ ማቴዎስ ሳሉ» ቢል፣ ዘመነ ማርቆስ በየ4 ዓመቱ ይመለሳል፤ አቡነ ማቴዎስ ደግሞ በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ 37 ዓመት ያህል በመንበራቸው ቆይተዋል። ስለዚህ 9 ያህል ዓመታት እኩል ይቀርባሉ። ከመካከላቸው የሚለየው በምስክርነት የተጠራው አለቃ ወይም የአገር ገዢ ነው።

ጋብቻው ከዚህም ይከብዳል። ቁርባን አይፈርስምና ብዙው ሰው የሚቆርበው ካረጀ በኋላ ነበር። በጉልምስናው የሚያገባው በሰማንያ፣ በሽማግሌና በዋስ ፊት ነው፤ ካህን አይጽፈውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ ቢያስብም ራሱ አግዶት ነበር፤ አገር አቀፍ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በእምድብር ዙሪያ ያሉ የካቶሊክ ቤተሰቦች ግን ዕድለኞች ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት ጋብቻ በጥምቀት መዝገቡ ላይም ይመዘገባል።

ሚስቲቱ የአገሩ ልጅ ከሆነች፣ ስትጠመቅ አዲስ ስም ወጥቶላታል፤ የአባቷ ጎሳ ብራናው ላይ የለም። ያንን የሚያውቁት የወገኗ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ትውልድ ሲቆጥሩ የት እንደተዳረች ጭምር ይናገራሉ። ያንን ጋሻ ያረሰው ገባር ስሙ ከናካቴው አልተጻፈም። ታዲያ ደንበኛዬን ከደብሩ በፊት ወደ ሽማግሌዎቹ እልከዋለሁ፤ ለዝምድና ማስረጃ ከብራናው ይልቅ የእነሱ ቃል ይጠቅመኛል።

መሬቱንማ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ካደረገው ቆየ። ጋሻውን ፍለጋ የመጣው ይህን ስነግረው ፊቱ ይጠቁራል፤ አንዳንዱም «ሌላ ጠበቃ ልጠይቅ» ብሎ ወረቀቱን ሰብስቦ ይወጣል።